ለብ ባለ ውሃ የተነከረው ፖስታ

ኦትማር ክራይሲግ በጀርመን፣ በጌራ ከተማ ቴያትር ቤት ሠላሳ ስምንት ዓመት የመድረክ መብራት ሠርቷል። ተመልካቹ የሚያውቀው አዘጋጁን ፎልክማር ሄንሽከን ነበር። ሄንሽከ ደግሞ ኦትማር ሳይኖር ልምምድ አይጀምርም። የኦትማር ሚስት ሆስፒታል ባረፈችበት ምሽት አዲስ ተውኔት ይከፈት ነበርና ከመብራቱ አልተነሣም። የእናቷን ዐይን የከደነችው ልጁ ፍሪደሪከ ብቻዋን ነበረች። ከቀብሩ ማግሥት ሄደች፤ ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት ድምጿ አልተሰማም።

እኔ ከበላዩ ባለው ፎቅ እኖራለሁ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ትኩስ ዳቦ አደርስለታለሁ። ጡረታ ከወጣ ወዲህ የቀረው ቴምብር መሰብሰብ ብቻ ነው።

ዘንድሮ በየካቲት ለታላላቅ የቴያትር አዘጋጆች መታሰቢያ ቴምብር ወጣ። አንዱ ላይ ሄንሽከ አለ፤ ከጀርባው የኦትማር ሚስት ያረፈችበት የዚያ ምሽት መድረክ ይታያል፤ ባዶ ወንበር፣ ወንበሩም ላይ ያረፈ አንድ ነጭ ብርሃን። በሳምንቱ ይኸው ቴምብር የተለጠፈበት ደብዳቤ ለኦትማር መጣለት።

«አባባ፣ ቴምብሩን ፖስታ ቤት አየሁት። ብርሃኑ ያንተ ነው፤ ወዲያው አወቅሁት። አግብቻለሁ፤ ስሜም ቤቴም ተለውጧል፣ አድራሻዬ ፖስታው ላይ አለ። እስከ ፋሲካ ካልጻፍክልኝ አሁንም መብራቱን መረጠ ብዬ እተወዋለሁ። ሁለተኛ አልጽፍም። ፍሪደሪከ።»

ሦስት ጊዜ አነበበው። ከዚያ ስልሳ ዓመት የለመደ እጁ የለመደውን አደረገ፤ ጎድጓዳ ሳህን ለብ ያለ ውሃ ሞልቶ፣ ቴምብሩ እንዲላቀቅ ፖስታውን ነከረና መልስ ለመጻፍ ተቀመጠ። ሲመለስ ውሃው ሰማያዊ ሆኗል። ቴምብሩ በውሃ የማይለቅ የዘመኑ ተለጣፊ ነበርና ንቅንቅ አላለም።

ሳህኑን በሁለት እጁ ይዞ ወደ ላይ ወጣና የእኔ በር ላይ ቆመ።

«እርስዎ ዐይንዎ ደኅና ነው። እስቲ ያንብቡልኝ።»

«ምኑን ላንብብልዎ፣ አቶ ክራይሲግ?»

«ከላይ በግራ በኩል። ስሟ እዚያ ነበር።»

ፖስታውን ከውሃው አውጥቼ መስኮቱ ላይ አስደግፌ አየሁት። ሰባት ቁጥር የምትመስል ጭረት ብቻ ቀርታለች።

«በምን ቀለም ጽፋው ነው?»

«በተማሪ ቤት ቀለም። እኔው ነኝ ብዕር ያስያዝኳት። ‹አትፍሪ፣ ብትሳሳቺም በውሃ ይለቃል› እላት ነበር።»

ቅዳሜ ወደ ቴምብር ሰብሳቢዎች ማኅበር አብሬው ሄድኩ። ምናልባት ቴምብሩ ላይ ያረፈው የፖስታ ቤት ማኅተም ይረዳል ብለን ነበር። ጓደኛው ዊቡሽ በማጉያ መነጽር አየውና ጮኸ።

«አንተ ጅል! ይኼ እኮ ከነፖስታው የሚቀመጥ ነው! ጀማሪ እንኳ አይነክረውም!»

«ዊቡሽ፣ የማኅተሙን ቁጥር ንገረኝና ዝም በል።»

«ቁጥሩማ የደብዳቤ ማከፋፈያው ነው። በሱ ስር ስንት ከተማ፣ ስንት መንደር አለ መሰለህ? ማኅተሙ ግን ሲያምር! ጥርት ያለ!» አለና የኦትማርን ፊት ሲያይ መነጽሩን አጠፈ።

ወደ ነዋሪዎች መዝገብ ቤትም ጻፍን። መልሱ አጭር ነበር፤ ሴትዮዋ ከዓመታት በፊት አድራሻዋ ለማንም እንዳይሰጥ አስመዝግባለች። ኦትማር ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ። ያን ያስመዘገበችው ከማን ለመደበቅ እንደሆነ አልጠየቀኝም።

የፋሲካ እሑድ ዳቦና ቀለም የተቀባ እንቁላል ይዤለት ወረድኩ። ለልጁ የጻፈው መልስ ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ ታሽጓል፣ ያው ቴምብር ተለጥፎበታል። የፖስታው ፊት ግን አድራሻ የለበትም፤ ባዶ ነው። የጠረጴዛውን መብራት ዝቅ አድርጎ ባዶው ቦታ ላይ አብርቶበታል።

«እርስዎ ይጸልያሉ፣ አይደል?» አለኝ።

«እጸልያለሁ።»

«እንግዲያው ፍሪደሪከ ብለው ይጥሯት። ከዚያ በኋላ ያለውን ስሟን እኔም አላውቀውም።»

እንዳለኝ አደርጋለሁ። ደብዳቤዋ እጁ ገብቶ ስላነበበው እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ። ፋሲካ ካለፈ አራት ወር ሆነው፤ ፖስታው ከጠረጴዛው አልተነሣም።