አብራኝ ትበር የነበረችው

መጀመሪያ ላይ ከመሬት ተነስቼ ብዙም ሳልቆይ እወድቅ ነበር። ቢቸና ውስጥ ባለችው ፎቶ ኮፒ ቤቴ፣ ከሰዓት በኋላ ደንበኛ ሲጠፋ፣ ከባንኮኒው ጀርባ ተቀምጬ ሄድፎን አደርግና የጦር አውሮፕላን አስነሳለሁ። ጨዋታው በኢንተርኔት ነው፤ ከሌላ አገር ሰዎች ጋር በአንድ ሰማይ ላይ መታኮስ። ደመናውን አልፌ ዙሪያዬን እንኳ ሳላይ፣ ከየት እንደመጣ የማላውቀው ጥይት ክንፌን ይቆርጠዋል። እንደገና እነሳለሁ። እንደገና እወድቃለሁ።

«አንቺ ሴት፣ አንገት አልፈጠረብሽም?» ትለኛለች ጓደኛዬ በሄድፎኑ። «ዞር ብለሽ እዪ እንጂ!»

እሷ ያለችው ሞጣ ነው። ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ አንድ ዶርም ነበርን፤ ሁለታችንም ኤሌክትሪካል ምህንድስና ተምረን ወጣን። ሥራ ፈልገን ፈልገን ሲታክተን እኔ ወደ ቢቸና ተመለስኩ፤ እሷም ቤተሰቦቿ ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ በሚነግዱበት የጨርቅ መደብር ተቀመጠች። ጨዋታውን ያስጀመረችኝ እሷ ናት። ለምን እንደያዘኝ ሰዎች ይጠይቁኝ ነበር። አሁን ሳስበው ያኔ በሕይወቴ «ከትናንት ዛሬ ይሻላል» የምለው ሌላ ነገር አልነበረም። ያስገባሁት ማመልከቻ ሁሉ ውሃ በልቶት ቀርቷል፤ ለምን እንደወደቅሁ የሚነግረኝም የለም። እዚህ ግን ብወድቅ ምክንያቱን አገኘዋለሁ። ነገ ያንን ካልደገምኩ ትንሽ ሰንብቼ እወድቃለሁ።

አንድ ቀን «ስድስት ሰዓት ላይ! ስድስት ሰዓት ላይ!» ብላ ጮኸች። በጨዋታው አቅጣጫ የሚነገረው በሰዓት ቁጥር ነው፤ ስድስት ማለት ከጀርባ ማለት ነው። እኔ ግን እንደ አገሬ ቆጠርኩ። በእኛ ስድስት ሰዓት ሲሆን፣ በፈረንጅ አቆጣጠር በተሞላ ሰዓት ላይ እጁ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ነው የሚቆመው። ስለዚህ ፊት ለፊቴ አፍጥጬ ስጠብቅ ከኋላ ተመታሁ። እሷ በሳቅ ሞተች፤ እኔ እንባዬ መጣ። ከዚያ ወዲያ ሰዓቱን ትተን «ከጀርባሽ»፣ «ከቀኝሽ»፣ «ከላይሽ» መባባል ጀመርን።

ትልቁ ችግሬ መከተል ነበር። አንዱን ካየሁ ሌላው ሁሉ ይጠፋብኛል። እየተጠማዘዝኩ ሳሳድደው ፍጥነቴ ያልቅና አየር ላይ ተንጠልጥዬ እቀራለሁ።

«ከፍታ እኮ ጎተራ ውስጥ ያለ እህል ነው» ትለኛለች። «በአንድ ጊዜ አትበትኚው። ካመለጠሽ ይሂድ፤ አንቺ ወደ ላይ ውጪ።»

የወደቅሁባቸውን ውጊያዎች በሙሉ ከተቀዱበት እያወጣች እንደገና ታሳየኝ ነበር፤ ያውም ከገዳዬ ወገን ሆኜ። ራስን በዚያ ዓይን ማየት ያሳፍራል። እሷ ግን አላዘነችልኝም። «የኛ ኢንተርኔት ይዘገያል፤ የምታዪው ሰውዬ እዚያ የለም፣ አልፏል» አለችኝ። «ስለዚህ ከሌላው ሰው ይበልጥ አርቀሽ፣ ወደሚደርስበት ተኩሺ።» እንዲህ ስንል ሰነበትን፤ ቀስ በቀስ እጄ ቀለለ። እኔ ከፊት፣ እሷ ከኋላዬ ሆና ስንበር የሚያሸንፈን እየቀነሰ መጣ።

አብረው የሚበሩ የውጭ አገር ሰዎች ቡድን ይህንን አይቶ ጻፈልን። አንድ ከሰዓት በኋላ ለሙከራ አብራችሁን ብረሩ፣ ከወደድናችሁ እንቀበላችኋለን አሉ። ወንዶች መስለናቸዋል። እኛም አላረምናቸውም። በቀጠሮው ቀን ሱቄን ቀደም ብዬ ዘጋሁ። ሰዓቱ ሊደርስ ሲል ድምፅዋ ተቆራረጠ፤ ከዚያ ጨርሶ ጠፋ። መብራት ነው ብዬ ነበር፤ መብራቱ ግን አለ። የጠፋው ኢንተርኔት ነው። ቀጥሎ ስልኩ ሄደ፤ ቀጥሎ ጦርነት መጣና ወደ ሞጣ የሚወስደው መንገድ ተዘጋ።

ነገ ይመጣል እያልን ወራት አለፉ። ብቻዬን ከኮምፒውተሩ ጋር መዋጋት ያዝኩ። ኮምፒውተሩ ግን ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ በየት እንደሚዞር ሳታዪው እንኳ ታውቂዋለሽ። ባሸንፍም ችሎታዬ እየደከመ ሄደ። እሷ በሕይወት ትኑር አትኑር አላውቅም ነበር።

አንድ ረፋድ እንዲሁ ስጫወት ከጣሪያው በላይ የሞተር ድምፅ ተሰማ። መንገድ ላይ የነበረው ሰው እየተጋፋ ሱቄ ውስጥ ገባና ግድግዳ ተደግፎ ቆመ። አንድ አዛውንት ስክሪኔን አዩት፤ አውሮፕላኔ ማኮብኮቢያው ላይ ሞተሩን አስነስቶ ቆሟል።

«ልጄ፣ እባክሽ ያንን ነገር አጥፊልን» አሉኝ።

አጠፋሁት። ድምፁ ከላያችን ሲርቅ ሰዉ አንድ በአንድ ወጣ። ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ አልከፈትኩትም።

መንገዱ ሲከፈት በመጀመሪያው ሚኒባስ በደብረ ወርቅ በኩል ሞጣ ገባሁ። በሩን የከፈቱልኝ እናቷ ናቸው። ጉንጬን ደጋግመው ሳሙኝና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «የአውሮፕላን ነገር አታንሺባት፣ ልጄ» አሉኝ። «ከዚያ የገበያ ቀን ወዲህ ከደጅ አትወጣም።»

«ምን አገኛት፣ እናቴ?»

«አላህ ያውቃል። እሷው ትንገርሽ።»

ጓሮ በኩል ባለች መስኮት አልባ ክፍል፣ በጨርቅ ጣቃ መሀል ተቀምጣ አገኘኋት። ከስታለች። ተቃቅፈን አለቀስን። በገበያ ቀን ጨርቅ ዘርግታ ሳለ ከሰማይ ድምፅ መጣ፤ ሕዝቡ በአንድ ጊዜ ሲሸሽ ወደቀች፤ ተረገጠች። እሷ ተነሳች። አጠገቧ በርበሬ ትሸጥ የነበረችው ሴት አልተነሳችም። ይህንን ስትነግረኝ ዓይኗ ጣሪያው ላይ ነበር።

«አሁንም ትበሪያለሽ?» አለችኝ።

የእናቷን ቃል አስቤ፣ ይዤው የመጣሁትን የላፕቶፕ ቦርሳ ወደ ጀርባዬ ገፋሁት።

«ላፕቶፕሽን አምጪው።»

«ይቅርብሽ።»

«አምጪው አልኩሽ!»

ድምፁን ዘግቼ ከፈትኩላት። አነሳሷ ያው የጥንቱ ነው፤ አንድ ጊዜ እንኳ ሳይናወጥ ደመናውን አለፈች። ልቤ በደስታ ዘለለ፤ ዳነች ብዬ። ከደመናው ስትወርድ ከታች አንዲት ትንሽ ከተማ ታየች፤ ጨዋታው የሳላት፣ ጣሪያ በጣሪያ የሆነች። እጇ ማውሱ ላይ ደረቀ።

«ከላይ ሲያዩት ቤት ብቻ ነው» አለች። «ሰው አይታይም።»

አውሮፕላኑ ያለ ነጂ እያዘቀዘቀ ሄደ። መሬት ሳይነካ ላፕቶፑን ዘጋሁት። እጇን ይዤ ብዙ ተቀመጥኩ። አይዞሽ አልኳት። ለዚያ ሁሉ ያገኘሁት ቃል ይኸው ብቻ ነበር።

ኢንተርኔቱ ዘግይቶ ተመለሰ። ያ ቡድን አልረሳንም፤ ጓደኛህ የታል ብለው ጻፉልኝ። አርፋለች አልኩ። «አርፋለች» ማለቴ ምን ማለት እንደሆነ ራሴም ግራ ገባኝ። እኔም እንደ እሷ ሴት ነኝ አልኳቸው፤ ሴት መሆናችንን ያወቁት ያኔ ነው። ብቻሽንም ቢሆን ነይ አሉኝ፤ ሄድኩ። ከኋላዬ ማንም ስላልነበረ አንገቴ እስኪያመኝ ዞሬ ዞሬ አየሁ። ሁለት ጣልኩ፤ በመጨረሻ እኔም ወደቅሁ። «ተቀብለንሻል» አሉኝ።

ይህንን የምነግረው ሰው አንድ ብቻ ነበር። ሞጣ ደወልኩ፤ እናቷ አነሱት።

«ተኝታለች፣ ልጄ። ምን ልበልልሽ?»

ውጭ ቀኑ ገና ብሩህ ነው፤ ሁለት ተማሪዎች የሚባዛ ወረቀት ይዘው ባንኮኒዬ ፊት ቆመዋል።

«ምንም፣ እናቴ» አልኩ። «ሰላም ብላለች በሉልኝ።»