ባለ አንድ ዓይኖቹ

ያ ወረቀት ዛሬም በሕልም እንደሚታይ ነገር ብዥ እያለ ይመጣብኛል። በጣሊያን ጊዜ ነው፤ ኮልፌ ገና ባሕር ዛፍና ጭጋግ ነበረች። ከጣሊያኖቹ ሐኪም ቤት የመጣ አስተርጓሚ ከጭጋጉ ብቅ እያለ ለየቤቱ አደለው። በአራት ሳጥን የተሳለ ታሪክ ነው፤ ዝንብ የሰፈረበት የሕፃን ዓይን፣ ውኃና ሳሙና የያዘች እናት፣ ስታጥበው፣ በመጨረሻም ሕፃኑ ሲስቅ። ጽሑፍ አልነበረውም። ያልተማረም ይረዳዋል ብለው ይሆናል።

ታናሽ እህቴ ያን ሰሞን ዓይኗን ታማ ነበር። አብጦ መግል ስለያዘ፣ ጠዋት ጠዋት አልገለጥ ይላታል። እናቴ ወረቀቱን ለአባቴ ሰጠችው። አባቴ የቤተ ክርስቲያን ሰዓሊ ስለነበር በቤታችን የሥዕል ዳኛ እሱ ብቻ ነው።

አይቶ ሳቀ። «እስቲ ዓይናቸውን ቁጠሪ» አላት።

ሁሉም በጎን ስለተሳሉ አንዳንድ ዓይን ብቻ ነበራቸው። በእኛ ሥዕል ጻድቅ ሁለት ዓይኑን ገልጦ ፊት ለፊት ያያል፤ በጎን፣ በአንድ ዓይን የሚሳለው ሰይጣንና ይሁዳ ነው።

«ርኩሳን ናቸው። ወረቀቱ የሚሠሩትን አትሥሩ ሲለን ነው» አለ።

በዚያ ሳቁ እስከ ዛሬ እናደዳለሁ፤ አብሬው መሳቄ ደግሞ ይብስብኛል። እናቴ የእህቴን ዓይን በለብታ ውኃ ታብስላት የነበረውን እንኳ ተወችው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለውን ተረት የምታውቅ ሴት!

አስተርጓሚው ከሳምንታት በኋላ ተመልሶ መጣ።

«ልጅቷን አጠቧት፣ እመቤቴ?»

«ኧረ በስማም! የርኩሳኑን ሥራ?» አለች እናቴ።

ነገሩ ሲገባው ራሱን ያዘ። «ኧረ እነሱ አገር ደጉንም ክፉውንም በጎን ይስሉታል!»

አባቴ ወደ እህቴ ዞረ። ግራ ዓይኗን ነጭ ነገር ጋርዶት ነበር።

በማግስቱ ብራና ወጥሮ አራቱን ሳጥን እንደገና ሳለ፤ እናትየዋም ሕፃኑም ሁለት ሁለት ትልልቅ ዓይን። ደጃፋችን ላይ ሰቀለው። የሰፈሩ እናቶች ቆመው አዩት፤ ልጆቻቸውንም ማጠብ ጀመሩ። በመጨረሻው ሳጥን የምትስቀው እህቴ ነበረች።

«ይቺ ማን ናት?» አላት አባቴ።

ተጠግታ ፊቷን ወደ ጎን አዞረችና በቀኝ ዓይኗ አየችው።

«እኔ ነኝ» አለች፤ ደስ ብሏት።

አባቴ ከጎኗ ቆሞ ሲያያት ቆየ፤ ከዚያ አለቀሰ። ከዚያ ቀን ወዲያ፣ ካህናቱ ቢቆጡትም፣ ሰይጣንን እንኳ በአንድ ዓይን ስሎ አያውቅም።