ከእንግዳ መቀበያ ወደ ቧንቧ መፍቻ

ላሊበላ ከሚገኝ አንድ ሆቴል እንግዳ ተቀባይ ሆኜ የገባሁ ዕለት፣ ሥራ አስኪያጁ አቶ ብርሃኑ የቁልፍ ማንጠልጠያውን፣ ስልኩንና የክፍል አያያዙን አሳዩኝ። በመጨረሻ፣ «ጥሩዬ፣ ከሁሉ በፊት ፈገግታ ነው። እንግዳ መንገድ አድክሞት ነው የሚመጣው» አሉኝ። አዲሱ ጫማዬ ተረከዜን ልጦት ነበር፤ ቢሆንም ቀኑን ሙሉ ፈገግ አልኩ። ቤት ስገባ ለባለቤቴ ለሞላ፣ «ፈገግ እያልኩ የምበላበት ሥራ አገኘሁ» አልኩትና ተሳሳቅን።

ሥራውን ወደድኩት። በገና ሰሞን ሆቴሉ ጢም ሲል፣ የሚያንኮራፋውን እንግዳ ከጫፍ ክፍል፣ ልጅ የያዘችውን ከምግብ ቤቱ አጠገብ ማሳደር እችልበት ነበር። ከተራ እንግዳ ተቀባይነት ተነሥቼ የፈረቃ ኃላፊ፣ ቀጥሎም የክፍሉ ኃላፊ ሆንኩ።

ከዚያ እንግዳ የጠፋባቸው ዓመታት መጡ። መጀመሪያ ዓለምን ቤት ያስዋለው በሽታ፣ ለጥቆ ጦርነቱ። ሆቴሉ ሲዘጋና ሲከፈት ባልደረቦቼ ወደየአገሩ ተበተኑ። እንደገና ሥራ ስንጀምር የብዙ ሰው ሥራ እኔው ላይ ወደቀ። ውኃ ጠፋ፣ መብራት ሄደ፣ በረራ ተሰረዘ፤ ሁሉም የሚነገረው ለእኔ ነው። እኔም ፈገግ እላለሁ። እያደር ስልኩ ሲጮህ ልቤ ይደልቅ ጀመር። እህል አልጥምሽ አለኝ፤ እንቅልፍም ሸሸኝ። ለማንም አልተናገርኩም። የሥራ ድካም መስሎኝ ነበር።

የባሰብኝ ፍላቂት ከተማ፣ የእህቴ ልጅ ሠርግ ቀን ነው። ዳሱ በር ላይ ቆሜ ዘመድ አስገባለሁ። አክስቴ እቴቴ አስረበብ ከወገል ጤና ከተማ አውቶቡስ ሲያንገላታቸው ውሎ ደረሱ። ጎንበስ አልኩና፣ «እንኳን ደህና መጡ። ስንት ሌሊት ነው የሚያድሩት?» አልኳቸው።

እቴቴ ትክ ብለው አዩኝና፣ «ከቻላችሁኝ እስከ ፋሲካ ነዋ» አሉ።

ዳሱ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅኩ። ከዚያ ሳቁ ወደ ልቅሶ ዞረና ማቆም አቃተኝ። እቴቴ እጄን ይዘው ወደ ጓሮ ወሰዱኝ።

«ይኼ የሠርግ እንባ አይደለም። ምን ሆነሻል?»

«እኔም አላውቀው፣ እቴቴ።»

«እንግዲያስ የሚያውቅ ይጠየቃል። ጠበልም ሂጂ፣ ሐኪምም ዘንድ ሂጂ። አንዱ አንዱን አይከለክልም።»

ሁለቱንም አደረግኩ። በከተማችን ጤና ተቋም ውስጥ ያገኘሁት የአእምሮ ጤና ነርስ ከእኔ በዕድሜ የሚያንስ፣ ረጋ ያለ ሰው ነበር። «የሆቴሉ ስልክ ቤትሽም ይጮኻል?» ብሎ ጠየቀኝ።

«አይጮኽም። እኔ ግን እሰማዋለሁ።»

«ሰውነትሽ ከሥራ ወጥቶ አያውቅም ማለት ነው» አለኝ። ዕረፍት እንድወስድ፣ በየጊዜውም ተመልሼ እንዳየው መከረኝ። ስወጣ ደግሞ፣ «ሥራ ልልቀቅ ካልሽ መብትሽ ነው። በከፋሽ ቀን ግን አትወስኚ። ደኅና በሆንሽበት ቀን አስቢበት» አለኝ።

ደኅናው ቀን አንድ እሑድ መጣ። ከሞላ ጋር ከከተማው በላይ ተራራው ላይ ያለችውን አሸተን ማርያም ተሳልመን ስንወርድ ደክሞኛል፣ ርቦኛል፣ ግን ልቤ ቀሎኛል። ድንጋይ ላይ ተቀመጥንና፣ «ሞላ፣ ሥራውን ልለቅ ነው» አልኩት።

«ዛሬ እንዴት ነሽ?»

«ደኅና ነኝ።»

«እንግዲያስ ልቀቂ። የእኔ የመምህርነት ደመወዝ ምን ያህል እንደሚዘልቅ አንድ ላይ እናየዋለን።»

አቶ ብርሃኑን መንገሩ ከበደኝ። ከቢሯቸው ገብቼ ሥራ ልለቅ መሆኔን ነገርኳቸው። «ወዴት ልትሄጂ ነው? ማነው የወሰደብኝ?» አሉ።

«ማንም አልወሰደኝም ጋሼ። አሞኛል። ምን እንደምሠራም ገና አላውቅም።»

ቅር እንዳላቸው ፊታቸው ላይ ያስታውቅ ነበር። ሆኖም፣ «እኔም እኮ ስልክ አጥፍቼ የማውቅ ሰው አይደለሁም» አሉኝ። ለተተኪዬ ሥራውን አሳይቼ፣ ተመራርቀን ተለያየን።

ሥራ መልቀቅ ወዲያው የሚያሽር መስሎኝ ነበር። አላሻረኝም። ጠዋት ጠዋት ተነሥቼ ለብሼ፣ ፀጉሬን ተበጥሬ፣ ከዚያ የምሄድበት ቦታ እንደሌለኝ ትዝ ይለኛል። ሰፈሩ «ተባረረች» ብሎ አወራ። እንግዳ መቀበያ ላይ ያልተቀመጠች ጥሩዬ ማን እንደሆነች ለራሴም ጠፋኝ። ለአእምሮ ጤና ነርሱ ስነግረው፣ «ለጠዋትሽ ቅርጽ ስጪው» አለኝ። ስለዚህ ጠዋት ወደ ተራራው መንገድ እራመዳለሁ፤ ከምሳ በፊት በእጄ አንድ ነገር ሠርቼ እጨርሳለሁ። የጓሮዬን አጥር ያጠርኩት ያኔ ነው፤ ሞላ አሁንም ጠማማ ነው ይላል።

እንዲህ ሳለሁ የቤታችን ቧንቧ ተበላሸ። ጋሽ ሰይድን ጠራኋቸው። ወልድያ ያደጉ፣ በሆቴላችን ለዓመታት የጥገና ሠራተኛ የነበሩ፣ ጡረታ ወጥተው በግላቸው የሚሠሩ ሰው ናቸው። «እስቲ ይኼን ያዥልኝ» ብለው የቧንቧ መፍቻውን አስጨበጡኝ። ያለቀውን ጎሚኒ፣ ማለት የጎማ ማሸጊያውን፣ በአዲስ ቀየርን፣ የመጠምዘዣው ጥርስ ላይ ነጩን ማሸጊያ ቴፍሎን ጠመጠምን፣ መልሰን አጠበቅን። የሚንጠባጠበው ቆመ። በቃ፣ ቆመ። ሆቴል ሳለሁ እንዲህ አልቆልኝ የሚያውቅ ነገር አልነበረም።

«ጋሽ ሰይድ፣ ያስተምሩኛል?» አልኳቸው።

የምቀልድ መስሏቸው አዩኝ። ከዚያ፣ «ወላሂ፣ ከእጅ መታጠቢያ ሥር መጎንበስ ጉልበቴ እንቢ ብሏል። አንቺ ተጎንበሺ፣ እኔ እናገራለሁ» አሉ።

እንዲህ ነው የተማርኩት። ብቻዬን የሠራሁ ቀን ዋናውን ቫልቭ ሳልዘጋ ፈታሁና ውኃው ከአናቴ እስከ ጫማዬ አራሰኝ። የቤቷ እመቤት ፎጣ ይዛ እየሮጠች መጣች፤ ሁለታችንም ቆመን መሳቅ ሆነ። ማንም ፈገግ በይ አላለኝም፤ ሳቁ የራሴ ነበር።

ሌላ ቀን አንዲት አሮጊት በር ከፍተው ከኋላዬ ሰው ፈለጉ።

«ቧንቧ ሠሪው የታለ?»

«እኔ ነኝ፣ እማማ።»

«አንቺ? ግቢ ልጄ። ወንድ ይመጣል ብዬ ስንቱን የጓዳ ዕቃ ከዓይን ላነሣ ነበር።» ለጎረቤቶቻቸው ሁሉ ነገሩልኝ። ባል ቤት በሌለበት ሰዓት የሚጠሩኝ ሴቶች ዛሬ ዋና ደንበኞቼ ናቸው።

አዲሱም ሥራ ቢሆን አልጋ በአልጋ አይደለም። አምና ውኃ ጠፍቶ ሲለቀቅ የስንቱ ቤት ቧንቧ ፈነዳ፤ ስልኬ ጩኸቱን አላቋርጥ አለ። ልቤ እንደ ድሮው ይደልቅ ጀመር። አሁን ግን ምልክቱን አውቀዋለሁ። ለሞላ ነገርኩት፣ ነርሱን ሄጄ አየሁት፣ ከጋሽ ሰይድ ጋር ደንበኛ ተከፋፈልን። እሑድ ስልኬን እዘጋለሁ። የተቆጣ ደንበኛ አለ፤ ሰኞ ግን ይደውላል።

ሥራ መለወጥ ብቻውን አያድንም። እኔን የረዳኝ ሕመሜን ለሰው መናገሬ፣ በደኅና ቀን መወሰኔ፣ ሥራ ፈትቼም ጠዋት ከቤት መውጣቴ ነው። የትኛውም ሥራ ላይ ያለ ሰው ልቡ መደለቅ ሲጀምር፣ እንደ እኔ ሠርግ ቤት እስኪያለቅስ አይጠብቅ።