ሃያ ሺህ ሰረዝ

ማተሚያ ቤቱ ውስጥ ሰው ሁሉ «ወይ ዜሮ» ነው የሚላት። የመማሪያ መጻሕፍት አራሚ ናት፤ ዜሮ ስትቆጥር ስለምትውል የወጣላት ስም ነው። መጀመሪያ ሰሞን «ባል ሳላገባ ወይዘሮ አደረጋችሁኝ!» እያለች ትስቅ ነበር። ሳቁን ከተወችው ቆየች፤ ስሙ ግን አልተዋትም።

ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ፊዚክስ ላይ ሳለች አባቷ ወደቁ። ግማሽ ጎናቸው አልታዘዝ አለ፤ ምላሳቸውም ተሳሰረ። እናቷ ቀደም ብላ ስላረፈች ከእሷ በቀር አስታማሚ አልነበራቸውም። ለጊዜው ብላ እዚህ ተቀጠረች፤ የቀረውንም ትምህርት በማታ ጨረሰች። ያ «ለጊዜው» አሥራ አራት ዓመት ሞላው። ጠዋት አባቷን አጥባ፣ አብልታ፣ ትራስ ደግፋላቸው ትወጣለች፤ ምሳ ሰዓት እየሮጠች መጥታ ትገለብጣቸዋለች፤ እየሮጠች ትመለሳለች።

የምትሠራበት ክፍል መስኮት የለውም። ሁለት ጠረጴዛ ይዞ ሦስተኛ ሰው ከገባ አንዱ መቆም አለበት። ፊት ለፊቷ የሚቀመጡት፣ በኮምፒውተር ገጽ የሚያቀናብሩት እትዬ ናቸው፤ ጡረታ ሊወጡ ሦስት ወር የቀራቸው፣ የአራሚዋን ቀይ እርማት እያዩ የሚያስገቡ።

ከሥራዋ ሁሉ የምትወደው በፊዚክሱ መጽሐፍ መጨረሻ ያለውን የርዝመት ሠንጠረዥ ነበር። አቶም ከሚለካበት ከአንግስትሮም ትነሳና በሜትር፣ በኪሎ ሜትር አድርጋ እስከ ብርሃን ዓመት ትወጣለች፤ ከዚያ እያባዛች ተመልሳ ትወርዳለች። አንድ የብርሃን ዓመት በአንግስትሮም ሲጻፍ ሃያ ስድስት አሃዝ ይሆናል። ያን ስትጽፍ እንኳ ክርኗ ግድግዳውን ይነካዋል።

በዚያ በአሥራ አራተኛው ዓመት በሌላ ከተማ ያለ ትምህርት ቤት ለፊዚክስ መምህርነት እንደተቀበላት ጽፎ፣ በአንድ ወር ውስጥ መልቀቂያዋን ይዛ እንድትቀርብ ጠየቃት። ለአባቷ ትንፍሽ አላለችም፤ «የመኪና መንገድ አይችሉም፤ ነግሬ ምን ላስጨንቃቸው?» ብላ። ደብዳቤውን በደረቷ ይዛ ሦስት ቀን ስታወጣ ስታወርድ ቆይታ፣ በአራተኛው ቀን የአባቷን ነገር በኋላ አየዋለሁ ብላ፣ የመልቀቂያ ማመልከቻዋን በእጇ ይዛ ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ገባች።

እሱ ግን ቀድሟት አንድ አዲስ መጽሐፍ ገልጦ ጠበቃት።

«ምንድነው ይሄ?»

አየችውና ክው አለች። በሠንጠረዡ የመጀመሪያ መስመር፣ ከአሥሩ ራስ ላይ ካለችው ትንሽ ቁጥር ፊት የመቀነስ ምልክት የሆነችው ሰረዝ የለችም። የአቶም ስፋት አሥር ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ሆኗል።

«ሰባት ፀሐይ ጎን ለጎን ቢደረደር እኮ አይሞላውም» አለች ሳታስበው።

«እኔ ፀሐይ አልጠየቅኩሽም! ፊርማው ያንቺ ነው። ሃያ ሺህ ቅጂ መጋዘን ውስጥ ተከምሯል። በእጅሽ ታርሚዋለሽ፤ እስኪያልቅ መልቀቂያ የሚባል ነገር እንዳታነሺ!»

የማስጠንቀቂያ ደብዳቤም ጨመረላት።

ክፍሏ ተመልሳ የድሮ እርማቶችን ስታገላብጥ ገጹን በእትዬ መሳቢያ ውስጥ አገኘችው። ሰረዟ በራሷ ቀይ እስክሪብቶ ተጽፋለች፤ ተከብባለችም። እትዬ አላስገቧትም። ቀና ብላ ስታያቸው፣ አፍንጫቸው ስክሪኑን ሊነካ ምንም አልቀረውም። ዓይናቸው ደክሟል፤ ይህ ከታወቀ ደግሞ ጡረታቸው ሳይደርስ ይባረራሉ። ገጹን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችውና መጋዘን ወረደች።

መጽሐፍ ማንሳት፣ ገጹን መግለጥ፣ ሰረዝ ማስመር፣ ቀለሙ እስኪደርቅ እፍ ማለት፣ መከመር። በቀን ሦስት መቶ። በሁለተኛው ሳምንት ጣቷ አልዘረጋ አለ። በአራተኛው ሳምንት ትምህርት ቤቱ የሰጣት ቀን አለፈ። ከአሥራ አንድ ሳምንት በኋላ የመጨረሻውን ስታሰምር ደስም አላላት።

እትዬ የጡረታ ደብተራቸውን በተቀበሉ ዕለት በቀጥታ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገቡ። ሲወጡ ዓይናቸው ቀልቷል።

«ነግሬዋለሁ ልጄ። ገጹን እንደወሰድሽው አውቄ ነበር። ፈርቼ ነው። ይቅር በይኝ።»

«ይተዉት እትዬ» አለች፤ እቅፍ አድርጋ ሸኘቻቸው።

ሥራ አስኪያጁ ወዲያው አስጠራት። «ስምሽ ጠርቷል። ማስጠንቀቂያው ይነሳል» አላት።

«መልቀቂያዬስ?»

«አሁን? እትዬም ሄደው፣ አንቺም ሄደሽ፣ እኔ በምን ዓይኔ ነው የማየው? የሳቸውንም ሥራ አንቺ ትይዣለሽ። አንቺን የመሰለ ሰው ከየት ይመጣል!»

ያን ማታ አባቷን እያበላች ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ትምህርት ቤቱን፣ የሰጣት ቀን ማለፉን። አባቷ ማንኪያውን በደህና እጃቸው ገፋ አደረጉት።

«ወንድሜ... ጋ... ትወስጂኝ ነበር» አሉ፣ ቃል በቃል እየጎተቱ።

«ይሄዱ ነበር እንዴ አባዬ?»

«ማን... ጠየቀኝ?»

ሾርባው እጇ ላይ በረደ። በወሩ አጎቷ መኪና ይዞ መጥቶ ወንድሙን ወሰደ፤ አባቷ መንገዱን ችለውት ደረሱ። እሷ አሁንም ሁለቱን ጠረጴዛ ይዛለች። የመልቀቂያ ማመልከቻዋን በየወሩ መጀመሪያ ታስገባለች፤ ሥራ አስኪያጁም ተቀብሎ «ይታያል» ብሎ ይመራበታል።