ችካል የምትነቅለው ድመቴ

ለወዳጅ ዘመድ በሙሉ። ከሲኒማ ራስ ዝቅ ብሎ በሚገኘው መኖሪያ ቤቴ ጓሮ የተሠራው ዘመናዊ የአትክልት ስፍራ ትናንት ከሰዓት በኋላ በይፋ ተመርቋል። ሪባኑን የቆረጥኩት እኔ ነኝ። ያጨበጨብኩትም እኔው። በክብር እንግድነት የተገኘችው ድመቴ ስትሆን፣ ንግግሬ ስለረዘመባት በመሐል ጥላኝ ወጥታለች።

ነገሩ እንዲህ ነው...

ልጄ አዜብ የምትኖረው አያት ነው። ባለፈው ልትጠይቀኝ መጥታ ጓሮውን አየችው። የዛገ ቆርቆሮ፣ የተቀደደ በርሜል፣ አንድ የኮክ ዛፍ። እዚህማ አባባ ቁጭ ብሎ የሚናፈስበት ቦታ እናሠራለታለን አለች። ከማን ጋር ብዬ ልጠይቃት ነበር... ተውኩት።

በእኔ ሰፈር ሰው የሚያድርበት ቤት እየጠፋ ነው። የቀኝ ጎረቤቴ ቤት የብርድ ልብስ መጋዘን ሆኗል፣ የግራው የላስቲክ ጫማ። ቀን ቀን ከበሬ ለመውጣት እንኳ ተሸካሚዎቹ እስኪያልፉ ቆሜ እጠብቃለሁ። ሲመሽ ግን የሱቁ የብረት ሻተር ሁሉ እየተንቋቋ ይወርድና ሰው ወደየቤቱ ይበተናል። ያን ጊዜ መርካቶ የኔ ብቻ ትሆናለች። ለአንድ ሰው ደግሞ ትሰፋለች።

እና ረድኤት መጣች። አዜብ ያገኘቻት የጓሮ ዲዛይነር ናት። ወጣት ናት፣ ጫማዋ ሁልጊዜ ጭቃ ነው። አሠራሯ እንዲህ ነው... ማታ ከመሄዷ በፊት ትለካና ችካል ትተክላለች፣ ከችካል ችካል ሲባጎ ትወጥራለች። በማግስቱ ሠራተኞቿ በሲባጎው መስመር ይቆፍራሉ።

ደግሞ ትጠይቃለች። ፀሐይ በየት በኩል ትገባለች፣ ዝናብ ሲዘንብ ውኃው የት ይተኛል፣ እኔ የት መቀመጥ እወዳለሁ። የት መቀመጥ እንደምወድ የጠየቀኝ ሰው ከጠፋ ስንት ጊዜው ነው... እኔም መልሴን አላሳጥርም። አንዷን ጥያቄ እስከ ምሳ ሰዓት አደርሳታለሁ።

«ጋሼ፣ የጠየቅኩዎት ውኃው የት እንደሚተኛ ነው እኮ፣ እርስዎ የት እንደተወለዱ አይደለም» ትለኛለች።

አንድ ማታ ዕቃዋን እየሰበሰበች፣ ሳምንት ሳይሞላ ሥራውን ጨርሳ እንደምታስረክበኝ ነገረችኝ። የምሥራች መሆኑ ነው። እኔ ግን ያን ቀን እራቱም አልበላ አለኝ።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ለገበያው ጎመን የሚያመጡት መኪኖች ጥሩምባ ቀሰቀሰኝ። ወጣሁና አንዱን ችካል ነቅዬ ክንድ ያህል ወዲያ ተከልኩት። ከዚያ ሌላውን።

ረድኤት መጥታ ለካች። ደግማ ለካች። ወረቀቷን አየች፣ መሬቱን አየች፣ እኔን አየችኝ።

«ድመቷ ናት» አልኳት። «ሲባጎ ካየች አያስችላትም።»

እንደገና ተለክቶ እስኪያልቅ ሠራተኞቹ ሥራ ፈትተው ተቀመጡ። ሻይ አፈላሁላቸው። አንዱ ቀልድ ያውቅ ነበር፣ ሌላው ደግሞ መሳቅ። ቤቴ የሰርግ ቤት መሰለ። ድመቷም በማግስቱ ደገመችው፣ ከዚያ ወዲያም አልተወችም።

አንድ ቀን ረድኤት ይቺ ድመት እኔ ስመጣ የት ነው የምትሄደው ብላ ጠየቀችኝ። ሰው አትወድም አልኳት።

ሐሙስ ማታ ምንም ሳትለኝ የአግዳሚ ወንበሩን ችካል ተክላ ሄደች። ጠዋት ወጥቼ ሳየው... በዚህ ችካል ከተሠራ ወንበሩ ፊቱን ወደ ሽንት ቤቱ በር ነው የሚያዞረው። ምን ነክቷት ነው ይቺ ልጅ? ሰው እንዴት ሽንት ቤት እያየ ይናፈሳል? አላስቻለኝም። ነቅዬ ወደ ኮክ ዛፉ ወሰድኩት። ከሰዓት ጥላው የሚያርፍበት ላይ ሲባጎውን ወጥሬ፣ መስመሩን አስተካክዬ፣ አሳምሬ ተከልኩት።

ረድኤት መጣች። ሜትሯን አውጥታ ለካችው።

«ድመትዎ ጎበዝ ዲዛይነር ናት» አለችኝ።

ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም። አጠገቤ ካለው ድንጋይ ላይ ቁጭ አለችና ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«ጋሼ... ሥራው ካለቀ አትመጣም ብለው ነው?»

እኔ ከመርካቶ ደላላ ጋር ተከራክሬ የምረታ ሰው ነኝ። ያን ጊዜ ግን በጫማዬ ጫፍ አፈሩን ጠረግሁ። የሚጠረግ አልነበረም፣ ያው አፈር ነው።

ተነሥታ እኔ እየሰማሁ ለአዜብ ደወለች። አዜብ የመረጠችው የፕላስቲክ ሳር ነበር። ውኃ አይልም፣ ማጨድ አይልም፣ ዞር ብሎ የሚያየው ሰው አያስፈልገውም። ረድኤት ግን ፕላስቲኩ በፀሐይ ይግላል፣ የጋሼን እግር ያቃጥላል፣ የእውነቱ ሳር ይሻላል አለቻት። አዜብ ያ ደግሞ በየጊዜው ካልተከረከመ ጫካ ይሆናል፣ አባባ አይችልም አለች መሰለኝ።

«እኔ እየመጣሁ እከረክመዋለሁ» አለች ረድኤት። «ሰፈሩ መንገዴ ነው።»

ረድኤት የምትኖረው ቃሊቲ ነው።

ችካሎቹን ከዚያ ወዲያ የነካቸው የለም። ትናንት ሥራው አለቀና አስረከበችኝ፣ የተረፈውን ሲባጎም ትታልኝ ሄደች። እሱን ነው ሪባን ያደረግኩት። ሻተሮቹ ወርደው ሰፈሩ ጸጥ ሲል ከኮኩ ሥር አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ፣ ወደ አንድ ጫፍ ጠጋ ብዬ። ትንሽ ቆይቼ ጎንበስ አልኩና ሳሩን አየሁት። አላደገም። ውኃ ጨመርኩለት።

የነገርኳችሁ ሁሉ እውነት ነው። የፈጠርኩት አንድ ነገር ብቻ ነው... ድመት የለኝም። ድመት ቢኖረኝማ ችካሉን ምን አስነቀለኝ።