ወደ ቀወት፣ ሦስት ምስክር ፍለጋ

ማክሰኞ ንጋት ላይ ከአዲስ አበባ አውቶቡስ ተራ የተነሳሁት ለአንድ ወረቀት ስል ነው። የምሠራበት ትንሽ ማኅበር ከእስር የወጡ ሰዎችን ሥራ ያስይዛል። ሸዋንግዛው የሚባል የቀወት ገበሬ አሥራ አንድ ዓመት ታስሮ፣ እዚያው አናጢነት ተምሮ ወጥቷል። ሸዋ ሮቢት ያለ አንድ የእንጨት ሥራ ቤት ሊቀጥረው ፈቅዷል፤ ግን መታወቂያ አምጣ ብሎታል። ለመታወቂያው ደግሞ ከትውልድ ቀበሌው መሸኛ ያስፈልገዋል። ብቻውን መሄድ ስለፈራ አብሬው እንድሄድ ለመነኝ።

ደብረ ሲና ጭጋግ ነበር። በመስኮት የአንድ ብር ቆሎ ገዛሁ። ቁልቁለቱን ስንወርድ ጋቢዬን አወለቅሁ፤ ሸዋ ሮቢት ስገባ ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተጣብቋል። ሸዋንግዛው መናኸሪያው በር ላይ ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር።

ረቡዕ

በማለዳ ተነስተን በማሾና በሽንኩርት ማሳዎች መካከል ሁለት ሰዓት ያህል በእግር ሄድን። በመስኖ ውሃ ተራ ተጣልቶ ጎረቤቱን በአካፋ መትቶ እንደገደለ የነገረኝ መንገድ ላይ ነው። እናቱ እሱ ታስሮ ሳለ ሞተዋል። ወንድምም እህትም የለውም። መንደሩ ስንደርስ ያገኘናቸው ሰዎች እኔን ሰላም ይሉኛል፤ እሱን ግን እንዳላዩት ያልፉታል።

የቀበሌው ሊቀ መንበር፣ የአገሩ ልጅ መሆኑን ሦስት ሰው ይመስክርለት አሉን። አጎቱ መሰከሩ። ያጠመቁት ቄስም መሰከሩ። ሦስተኛ ጠፋ። አብሮት ያደገ ሰው ቤት ብንሄድ፣ ከሟች ዘመዶች ጋር መቀያየም እንደማይፈልግ ለእኔ ብቻ ነገረኝ። ሌላው ጭራሽ አላውቀውም አለ። ሸዋንግዛው አልተቆጣም፤ እንመለስ ብቻ አለኝ።

ልንሰናበት ቀበሌው ስንገባ የሟች ሚስት እትዬ አስካለ ለራሳቸው ጉዳይ መጥተው አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል። ሸዋንግዛው ሲያያቸው ወደ በሩ አፈገፈገ። ሊቀ መንበሩ ያለ ሦስተኛ ምስክር መሸኛ መጻፍ እንደማይችሉ ሲነግሩኝ ሴትዮዋ ሰሙ።

«እኔ አውቀዋለሁ» አሉ።

ሊቀ መንበሩ የሚፈርሙት ለምን እንደሆነ ገብቷቸው እንደሆነ ጠየቋቸው።

«ገብቶኛል። ከኔ በላይ ማን ያውቀዋል?»

አውራ ጣታቸውን ቀለም አስነክተው ወረቀቱ ላይ ተጫኑ። ሲወጡ ፊቱን ሳያዩ፣ «ልጆቼ አድገዋል። ወረቀትህን ይዘህ ሂድ፤ በዚህ መንገድ አትመለስ» አሉት። እግራቸው ላይ ሊወድቅ ጎንበስ ሲል አልፈውት ሄደዋል።

ሐሙስ

መሸኛውን ለከተማው ቀበሌ አስገባን። የእንጨት ሥራ ቤቱ ባለቤትም ሰኞ ሥራ ጀምር አሉት። ቦርሳዬን ተሸክሞ መናኸሪያ ድረስ ሸኘኝ። አውቶቡሱ ሊነሳ ሲል ወደ መስኮቱ ተጠጋ።

«ጋሼ፣ እስር ቤት እያለሁ እሁድ እሁድ ለኔ ጠያቂ ባይመጣም የሌሎቹን አይ ነበር። አሁን እሁድ ምን ላድርግ?»

አውቶቡሱ ተነሳ።

ማታ ቤቴ ገብቼ ሪፖርቴን ጻፍኩ፦ መሸኛ ተገኝቷል፤ ሥራ ተገኝቷል። ውሸት የለበትም። ከዚያ ጉዞ ወዲህ ግን ለተፈታ ሰው ሥራ ሳፈላልግ፣ እሁድ ምሳ አብሮት የሚበላ ሰውም አብሬ አፈላልጋለሁ። ለሸዋንግዛው ያኔ አላፈላለግሁለትም።