ቴምፕሌቱ ውስጥ ያልገባችው መስመር

ባለቤቴ ጌጥነሽ ዳውንታውን ዴንቨር ፓርኪንግ ትሠራለች። የምንኖርበት የኦሮራ ከተማ አበሻ ግን የሚያውቃት በትርጉም ነው። የልደት፣ የጋብቻ፣ የትምህርት ማስረጃ የያዘ ሁሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ቤታችንን ያንኳኳል። በዚያ ቀን እኔ የምፈለገው ፕሪንተሩ ላይ ወረቀት ለመጨመር ነው፤ እሱንም አጣመምከው እባላለሁ።

ከአገር ቤት የሚላክላት ማስረጃ ብዙውን ጊዜ ቲፍ በሚሉት የምስል ፋይል ይመጣል። ታየዋለች እንጂ አንዲት ፊደል አትነካበትም። በፈረንጆቹ 2008 ኢንተርኔት ላይ አንድ ድረ ገጽ አገኘች፤ ምስሉን ስትሰጠው ሣጥኑንና መስመሩን እንዳለ አስቀምጦ፣ ሊጻፍበት የሚችል የዎርድ ቴምፕሌት አድርጎ ይመልስላታል። አማርኛ ማንበብ ግን አይችልም፤ ፊደላችንን ዶሮ የጫረው መሬት ያስመስለዋል። እሷ ያንን አጥፍታ እንግሊዝኛውን ትሞላለች። የግማሽ ቀን ሥራ የግማሽ ሰዓት ሆነላት፤ እኔም ቅዳሜ ከሰዓት ሚስት አገኘሁ።

አንድ ቅዳሜ ከቸርቻችን ጋሽ ባሕሩ መጡ። ልጃቸውን እንቁን ከአዲስ አበባ ለማምጣት አፕላይ እያደረጉ ነበር። ጌጥነሽ የልደት ማስረጃዋን በቴምፕሌቱ ተርጉማ፣ ከግርጌ "ሙሉና ትክክለኛ ትርጉም መሆኑን አረጋግጣለሁ" የሚለው ላይ ፈረመች። ጋሽ ባሕሩ መርቀዋት ወረቀቱን ኤንቨሎፕ ውስጥ ሲከቱ፣ እሷ የስሙን ፊደል ልታመሳክር ዋናውን ምስል ከፈተች። ፊቷ ተለወጠ።

ከማኅተሙ ሥር በእጅ የተጻፈች አንዲት ቀጭን መስመር ነበረች። ድረ ገጹ ቆሻሻ መስላው ጥሏታል። "በጉዲፈቻ ያሳደጓት አጎቷ ናቸው" ትላለች።

እኔ ብሆን ዝም እል ነበር፤ አልዋሽም። ዝም አይነቅዝም ብዬ በጠረጴዛው ሥር እግሯን ነካሁት። እሷ ግን የፈረመችበት ነገር እንቅልፍ ይነሳታል።

"ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ያስቀረሁት መስመር አለ። ሳላስገባው ሰርቲፋይ ማድረግ አልችልም" ብላ አነበበችላቸው።

ሽማግሌው ወንበሩ ላይ ተመልሰው ተቀመጡ። "ወንድሜና ሚስቱ ሲያርፉ የሁለት ዓመት ልጅ ነበረች" አሉ። "ከዚያ ወዲህ ልጄ ናት። ሌላ አባት እንደነበራት አልነገርኳትም። አሁን ኢምባሲ ኢንተርቪው ላይ ከፈረንጅ አፍ ልትሰማው ነው?"

በሚስቴ ተናደድኩ። ምናለ ዓይኗን ብትጨፍን!

ጌጥነሽ ዝግ ብላ ጠየቀች። "ጋሼ፣ ይህን ወረቀት ከቀበሌ ያወጣው ማነው?"

"እሷው ናት።"

"ስካን አድርጎ የላከውስ?"

"እሷው… ታዲያ አንብባዋለቻ!" ብለው ተነሡ።

የስልክ ካርዳቸውን ይዘው በረንዳ ወጡ። እኛ በመስታወቱ እናያቸዋለን፤ ብዙ አልተናገሩም፣ ሲያዳምጡ ነው የቆዩት። ሲገቡ ዓይናቸው ቀልቷል።

"ማን አስጻፈው አልኳት" አሉ። "'አባዬ፣ እኔ ነኝ። አንተ በእኔ ምክንያት ዋሸ እንዳትባል ብዬ ነው። ከአሥር ዓመቴ ጀምሮ አውቃለሁ፤ ማወቄን ብነግርህ የምታዝን መስሎኝ ዝም አልኩ' አለችኝ።" ከዚያ ኤንቨሎፑን ከፍተው የተፈረመውን ወረቀት ለጌጥነሽ መለሱላት። "በይ ጻፊው፣ ልጄ። እኔው አነብልሻለሁ።"

መነጽራቸውን አድርገው ወደ ኮምፒውተሩ ተጠጉ። "በጉዲፈቻ ያሳደጓት" እስከሚለው ደረሱ፤ ከዚያ በኋላ ድምፃቸው እምቢ አላቸው። የቀሩትን ሁለት ቃላት እኔ አነበብኩላት።